እናቴ በደመና ውስጥ አዲስ አበባ የገባችበት መንገድ

ዛሬ ጠዋት ደመናው ከእንጦጦ ወርዶ የአክስቴ ግቢ ባሕር ዛፎች ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ነሐሴ ነውና አያስደንቅም። የአክስቴ ቤት ከአውሮፕላን ማረፊያው ብዙ አይርቅም፤ ሌላ ጊዜ አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር የጣሪያው ቆርቆሮ አብሮ ይንጫጫል፣ እኛም ወሬያችንን አቋርጠን እስኪያልፍ እንጠብቃለን። ዛሬ ግን አውሮፕላኑ አይታይም፤ የሚሰማው ድምፁ ብቻ ነበር። መጣ፣ ራቀ፣ ደግሞ ዞሮ መጣ። የአክስቴ ልጅ የተጠበሰ በቆሎውን ከአፉ ሳያወጣ፣

«ይኼ ሰውዬ መንገድ ጠፍቶበታል!» አለ።

ሳቄ አመለጠኝ። «አልጠፋበትም። ተራ እየጠበቀ ነው» አልኩት።

«አንቺ ደግሞ! ከሰቆጣ የመጣሽ ልጅ የአውሮፕላን ተራ ማን አሳየሽ?»

እናቴ ናት ያሳየችኝ ብዬ ብነግረው ጭራሽ ይስቅብኛል። ስለዚህ ወደ ክፍሌ ገባሁ። ግን ዝም ማለት እንደማልችል ታወቀኝ። ይኸው እጽፈዋለሁ።

አሁን ዐሥራ ስምንት ዓመቴ ነው። ያን ጊዜ ዐሥራ ሁለት ነበርኩ፣ አንድም ቀን ከሰቆጣ ወጥቼ አላውቅም። ከጎረቤት ከተማችን ከአምደወርቅ ወዲያ ያለው አገር ሁሉ ለእኔ አዲስ አበባ ነበር። በዚያ ዓመት የእናቴ ሆድ ማበጥ ጀመረ። ጎረቤቶች እርጉዝ መስላቸው በየመንገዱ «እንኳን ማርያም አሰበችሽ» ይሏት ነበር፤ ወራቱ አልፎ ልጅ ሲቀር ግን ሴቶቹ ዓይናቸውን መስበር ጀመሩ። እሷም ቀስ በቀስ ከገበያ ቀረች፣ ቀጥሎ ከቤተ ክርስቲያን ቀረች፣ በመጨረሻ ከመደቧ መነሳት ከበዳት። የጤና ጣቢያው ድሬሰር አባቴን ወደ ውጭ ጠርቶ፣ እባጩ በቀዶ ጥገና ካልወጣ ክረምቱን እንደማትዘልቅ ነገረው። እኔ ከበሩ ጀርባ ነበርኩና ሰማሁ። ቀዶ ጥገናው ያለው አዲስ አበባ ነው። የመኪናው መንገድ በጭቃ ተቆርጧል። በበቅሎ እንዳትሄድ ኮርቻ ላይ መቀመጥ አትችልም።

እንግዲህ እንዲህ ባለው ሰዓት ነው ባለ ሁለት ሞተሯ ትንሽ አውሮፕላን የክትባት መድኃኒት ጭና የመጣችው። የሰቆጣ ማረፊያ ያን ጊዜ ሣር ሜዳ ነበር፤ አውሮፕላን ስትመጣ ከብቱን የሚያባርር ሰው ቀድሞ ይሮጣል። አባቴም ሮጠ፤ ከብት ሊያባርር ሳይሆን አብራሪውን ሊለምን። አብራሪው ሁለት ባዶ ወንበር አለኝ አለ። አንዱ ለእናቴ፣ አንዱ ለእኔ ሆነ። እናቴ አማርኛ የምታውቀው ለገበያ ያህል ነው፤ ስትደነግጥ ደግሞ እሱም ይጠፋትና ወደ ኽምጣኛ ትመለሳለች። ስለዚህ አስተርጓሚ ያስፈልጋታል ተባለ። እኔ ስድስተኛ ክፍልን የጨረስኩ ጎበዝ ነበርኩ! በደስታ ልፈነዳ ነበር፤ እናቷ የታመመችባት ልጅ ደስ ይበላት አይበላት እንኳ አላሰብኩም።

ልንነሣ ስንል ግን ደመናው ከተራራው ላይ እንደ ተፈታ ኩታ ወርዶ ሜዳውን ሸፈነው። አብራሪው ሰማዩን አየ፣ ረዳቱን አየ፣ ከዚያ ሞተሩን አጠፋ። «ነገ ጠዋት ከገለጠ እንሄዳለን» አለ። የእኛ ቤት ነጋዴ የሚያርፍበት አንድ ትርፍ ክፍል ስለነበረው ሁለቱንም አባቴ ይዟቸው መጣ።

ጾመ ፍልሰታ ነበር። ለእንግዶቹ የተልባ ፍትፍትና የምስር ወጥ ቀረበላቸው። ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድበዋል። ጎረቤታችን አያ ደስታም መጣ። አያ ደስታ በወጣትነቱ ወታደር የነበረ፣ አንድ ጊዜ በአውሮፕላን የተሳፈረ፣ በሰቆጣ ውስጥ ስለ ሰማይ ጉዳይ የሚናገረው እሱ ብቻ የሆነ ሰው ነው። አሁን እውነተኛ አብራሪ ስለመጣበት ሳይከፋው አልቀረም።

«ካፒቴን፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አለ።

«ይጠይቁ አባቴ።»

«ደመና ውስጥ ስትገቡ ምን ይታያችኋል?»

«ምንም አይታይም። ነጭ ብቻ ነው።»

አያ ደስታ እናቴ ወደ ተኛችበት መደብ ዞረ። «ሰማሽ ጥሩ? እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው። ያን ጊዜ እኛ ደመና ውስጥ ስንገባ አብራሪው እንደኛው ዓይኑን ጨፍኖ ማርያም ማርያም ሲል አይቻለሁ!»

«አንተ ከኋላ ተቀምጠህ የአብራሪውን ዓይን በምን አየኸው?» አለው አባቴ።

«ማጅራቱ ያስታውቃል!»

ሁላችንም ሳቅን፤ እናቴ ግን አልሳቀችም። በክርኗ ቀና ብላ በኽምጣኛ፣ «ይህን ሰው ጠይቂልኝ» አለችኝ። «አዲስ አበባ ደመና የለም ወይ በይው።»

ጠየቅሁት። «አለ፣ በዚህ ወር ከዚህም ይብሳል» አለ። እሱ ሐሰት የማይሆንለት ሰው ነበር፤ አባቴ ግን ይህን ሲሰማ ከንፈሩን ነከሰ።

«እሺ» አለች እናቴ። «እዚህ ደመና መጣ ብሎ ፈርቶ ቁጭ ብሏል። ታዲያ እዚህ የፈራውን ደመና እዚያ በምን ልቡ ሊገባበት ነው? እኔን ስለያዘ? እኔ አልሄድም። መሞቴ ካልቀረ በአፈሬ ልሙት።»

ይህን ለመተርጎም አፌ እንቢ አለኝ። አባቴ በዓይኑ «ንገሪው» ሲለኝ ነገርኩት። አብራሪው የጎረሰውን ዋጠ፣ እጁን ታጠበ፣ ከዚያ ከቦርሳው አንድ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ የእናቴ ሣጥን ላይ ዘረጋው።

«እትዬ ጥሩ ትክክል ናቸው» አለ። «ልዩነቱን ላሳያቸው። እዚህ ሰቆጣ በሰማይ ላይ የታወቀ መንገድ የለም። ስመጣም በዓይኔ ተራራውን እያየሁ ነው፣ ስወጣም በዓይኔ ነው። ዓይኔን ደመና ከሸፈነው የምይዘው ነገር የለኝም። አዲስ አበባ ግን ይኸው፣ መንገዱ ተሠርቶ ታትሟል።»

ወረቀቱ ላይ ቀጫጭን መስመሮች ነበሩ፤ ከጎንደር በኩል፣ ከድሬዳዋ በኩል፣ ከጅማ በኩል ይመጡና እንደ ወንዝ ገባር እየተቀላቀሉ አንድ ቦታ ላይ ይገናኛሉ። መስመሮቹ ላይ ነጥቦች አሉ፤ እያንዳንዱ ነጥብ እንደ ቀበሌ የየራሱ ስም አለው። ከነጥቡ አጠገብ ቁጥር ተጽፏል።

«ቁጥሩ ምንድን ነው?» አልኩት።

«እዚህ ነጥብ ላይ ስደርስ ከዚህ ከፍታ በታች መሆን ክልክል ነው ማለት ነው። ይህችኛዋ ከሥሯ እንጦጦ አለ። እኔ እንጦጦን ባላየውም ቁጥሩ አይቶልኛል።»

«ነጥቡስ ሰማይ ላይ ምን ምልክት አለው?»

«ምንም የለውም። መሬት ላይ የሬዲዮ ምልክት የሚልክ ጣቢያ አለ፤ አውሮፕላኗ ውስጥ ፊቴ ያለችው መርፌ ወደዚያ ትጠቁመኛለች፣ በላዩ ሳልፍ ትገለበጣለች። ነገ ከሰቆጣ በዓይናችን እንወጣና ከፍ ብለን እንሄዳለን። ከዚያ ይህን መንገድ ከመጀመሪያው ነጥቡ ላይ እንቀላቀለዋለን። መሐሉ ላይ ዘው ብሎ መግባት የለም። ገና ሳንደርስ በሬዲዮ እጠራለሁ፤ በየትኛው መስመር እንደምገባ፣ መቼ እንደምወርድ ይነግሩኛል።»

እኔ ወረቀቱ ማርኮኝ ነበር። ሰማይ ላይ መንገድ! ለእናቴ ባማረ ምሳሌ ላስረዳት ፈለግሁና፣ በአስተማሪ ድምፅ ጀመርኩ፦ «እማ፣ ይኼ እኮ የምታውቂው ነገር ነው። ልክ ለቅሶ እንደ መድረስ ነው! ከበርገሌ የመጣውም ከፃግብጂ የመጣውም ዝም ብሎ ወደ ሐዘንተኛው ግቢ አይገባም፤ ራቅ ብሎ ዛፉ ሥር ይሰበሰባል፣ ተራው ሲደርስ...»

እናቴ፣ «ለቅሶ?» አለች። «የማን ለቅሶ?»

አያ ደስታ አማተበ። አባቴ ያየኝን አስተያየት አልረሳውም። እናቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ስባ ወደ ግድግዳው ዞረች። አብራሪው ምን እንደተባለ ስላልገባው አንዴ እኔን አንዴ እሷን ያያል፤ የሚተረጉምለት ደግሞ እኔው ነኝ። ቀኑን ሙሉ አውሮፕላን እያልኩ ስዘል የዋልኩት ልጅ፣ እናቴን ባንድ ቃል ከአውሮፕላኑ ያወረድኳት መሰለኝ። ወጥቼ ጣሪያው ጠርዝ ሥር ቆምኩና ጠፈጠፉ እግሬን እስኪያርሰው ድረስ አለቀስኩ።

ምን ያህል እንደቆየሁ እንጃ፤ አባቴ «የሺ፣ እናትሽ ትጠራሻለች» አለኝ። ስገባ እንደ ዞረች ናት፣ ግን ነጠላው ከፊቷ ተነሥቷል።

«ሲጠራ፣ ማን ነው የሚመልስለት?» አለችኝ።

«እ?»

«እጠራለሁ አለ አይደል። ማን ይመልሳል?»

አብራሪውን ጠየቅሁት። «ማረፊያው አጠገብ ማማ አለ። እዚያ ሌት ተቀን ሰው አለ። እኔ ማን እንደሆንኩ፣ ከየት እንደመጣሁ፣ ከፍታዬ ስንት እንደሆነ እነግረዋለሁ፤ እሱ ና ወይም ቆይ ይለኛል። ያለኝን ደግሜ እነግረዋለሁ፣ በትክክል መስማቴን እንዲያውቅ።»

«ቆይ ካለውስ?»

«ነጥቡ ላይ እየዞርኩ እጠብቃለሁ።»

እናቴ ቀስ ብላ ወደኛ ተመለሰች። በተሰባበረ አማርኛዋ ራሷ ለአብራሪው መናገር ጀመረች፤ ያቃታትን እኔ እየሞላሁላት።

እናቴ የበርገሌ ልጅ ናት። በልጅነቷ ከአባቷ ጋር ፍየልና ማሽላ ይዛ ወደ ሰቆጣ ገበያ ትወጣ ነበር። መንገዱ ላይ አንድ አቀበት አለ፣ በገደሉ ጎን የተቦረቦረ፣ ከአንድ የተጫነ አህያ በላይ የማያሳልፍ። ሁለት የጫኑ መሐሉ ላይ ከተገናኙ መዞሪያ የለም፤ አንዱ ገደል መግባቱ ነው። ስለዚህ ከታች የሚመጣ ሾላው ሥር ይቆማል፣ ከላይ የሚወርድ ዐለቱ ጋ ይቆማል። የታቹ ይጣራል፦ «እከሌ ነኝ፣ ከበርገሌ፣ ሦስት የጫነ!» ከላይ ያለው ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ መመለስ ግዴታው ነው፦ «ውጣ!» ወይም «ቆይ፣ የጫነ እየወረደ ነው!» የታቹ የሰማውን ደግሞ ይለዋል፤ ከዚያ ነው እግሩን የሚያነሣው።

«ክረምት ጉም ሲሆን የአህያዋን ጆሮ እንኳ አናይም ነበር» አለች። «ግን ጉም ነው ብለን ከገበያ ቀርተን አናውቅም። ሰውን ገደል የሚጥለው ጉም አይደለም። መልስ ሳይሰሙ መግባት ነው።»

አብራሪው ወረቀቱን አጠፈ። «እትዬ ጥሩ፣ እኔ ይህን ለመማር ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል» አለ።

«እዚህ ሰቆጣ መፍራቱም ልክ ነው» አለች እናቴ ወደ አባቴ ዞራ። «እዚህ ማን ይመልስለት? ደስታ ይመልስለት?»

አያ ደስታ ራሱ ሳይቀር ሳቀ። አባቴ ዝናቡን ላየው ነው ብሎ ወጣ፤ ዝናቡ ግን ቆሞ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ሰማዩ ታጥቦ የተሰጣ ይመስል ነበር። እናቴን አራት ሰዎች በአልጋ ተሸክመው ሜዳው ድረስ አመጧት። አውሮፕላኗ ሣሩን እየደበደበች ተነሣች፤ ከተማችን አነሰች፣ ከዚያ አረንጓዴው ጤፍ፣ ከዚያ ገደሉ፣ ከዚያ ራቅ ብሎ እንደ ቀይ ክር የተከዜ ውሃ። እናቴ ሎሚ እያሸተተች ዓይኗን አልከፈተችም። እኔ ደግሞ አልጨፈንኩም። አውሮፕላኗ እኛን ከአብራሪው የሚለይ መጋረጃም በርም ስላልነበራት የአብራሪውን ትከሻና ፊቱ ያሉትን ሰዓት መሳይ ነገሮች በሙሉ አያለሁ። ማጅራቱንም አየሁት፤ ምንም አያስታውቅም።

ብዙ ከሄድን በኋላ ደመናው ከፊታችን እንደ ባዘቶ ተቆልሎ መጣ። አብራሪው ወረቀቱን ጭኑ ላይ አደረገ፣ በሬዲዮው ተጣራ። ትንሽ ጩኸት፣ ከዚያ የሰው ድምፅ። በእንግሊዝኛ ነው፣ ፈጣን ነው፣ እኔ ከስድስተኛ ክፍል እንግሊዝኛዬ የያዝኩት ቁጥሮቹን ብቻ ነው። አብራሪው ያንኑ ቁጥር መልሶ አለ።

«ደገመው?» አለች እናቴ ዓይኗን ሳትከፍት።

«ደገመው እማ።»

ከዚያ ሁሉም ነጭ ሆነ። ክንፏ እንኳ ጠፋ። አውሮፕላኗ ትንቀጠቀጣለች፤ እኔ ያን ሁሉ ጉራዬን ረስቼ የእናቴን ክንድ ጨመቅሁት። መርፌዋ ተንቀጠቀጠች፣ ተወዛወዘች፣ ገልበጥ አለች። ነጥቡ ላይ ነን! ወዲያው ግን ድምፁ እንደገና መጣ፣ አብራሪው ደግሞ ደገመው፣ አውሮፕላኗም ቀስ ብላ ወደ ጎን ዘመም አለች። እየዞርን ነው። አንድ ጊዜ ዞርን፣ ደግሞ ዞርን። ወደ ፊት አለመሄዳችን ታወቀኝና አብራሪውን ልጠይቀው አፌን ስከፍት፣ እናቴ እጄን ያዘችኝ።

«ተይው» አለች። «የጫነ ከፊታችን አለ።»

ረዳት አብራሪው፣ ያ ዝምተኛው ሰውዬ፣ ዘወር ብሎ «ከድሬዳዋ የመጣ ትልቅ አውሮፕላን ቀድሞናል፣ ትንሽ እንጠብቃለን፤ ለእናትሽ ንገሪያት» አለኝ። የምነግራት ምን ነበረኝ?

ድምፁ ሲጠራን ደረጃ በደረጃ ወረድን። አብራሪው በየነጥቡ ወረቀቱን ያያል፣ መርፌውን ያያል፤ መስኮቱን ግን አያይም። የእንጦጦ ጎን ከየት በኩል ሊወጣብን ነው እያልኩ እኔ ብቻ መስኮቱ ላይ ተለጥፌያለሁ። እንጦጦ የት እንዳለፈ ዛሬም አላውቅም። ድንገት ነጩ ተቀደደ፤ ከሥራችን እርጥብ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ጥቁር አስፋልት፣ በቀን የበሩ የመብራት ረድፎች፣ ቀጥ ብለው ፊት ለፊታችን። ጮህኩ መሰለኝ። እናቴ ያኔ ዓይኗን ከፈተች።

ስንወርድ በተሽከርካሪ ወንበር ሊወስዷት መጡ። እሷ ግን አልሄድም አለች። ከጓዟ ውስጥ ትንሽ የማር ቅል አወጣች። «የመለሰልን ሰው የታለ?» አለች።

አብራሪው ግራ ተጋባ። እኔ አስረዳሁት፤ በአቀበቱ ላይ፣ ጉም በሆነ ቀን ከላይ ለመለሰ ሰው፣ የወጣው ነጋዴ ከጫነው ላይ እፍኝ ሳይሰጠው አያልፍም። ማሽላ ከሆነ ማሽላ፣ ጨው ከሆነ ጨው። እሱም ወደ ማማው መስተዋት አመለከተ፤ ከመስተዋቱ በስተጀርባ የሰው ጥላ ይንቀሳቀሳል።

«እዚያ ላይ መውጣት አይፈቀድም እትዬ ጥሩ። እኔ አደርስልዎታለሁ።»

«እርስዎ ይበሉታል!» አለችው፤ ከታመመች ወዲህ ስትቀልድ ስሰማ ያ ሁለተኛዬ ነበር። ቅሉን ግን ሰጠችው።

በቀዶ ጥገናው የሕፃን ራስ የሚያክል እባጭ ወጣላት። መስቀል ሳይደርስ በእግሯ ቆመች። እሷ ወደ ሰቆጣ ስትመለስ እኔ አክስቴ ዘንድ ለትምህርት ቀረሁ።

ማሩ ይድረስ አይድረስ አላውቅም። ያ ሰው ግን ያን ቀን ማንን እንዳስገባ እንደማያውቅ እርግጠኛ ነኝ። ለእሱ አንድ ቁጥር ነበርን፤ ና አለን፣ ሥራውን ጨርሶ ወደ ቤቱ ሄደ፣ ምናልባትም አውቶቡስ አጥቶ በዝናብ ተደበደበ። ሰው ለካ እንዲህም መልካም ይሠራል፤ ፊቱን በማያየው ሰው ላይ፣ ሥራው ስለሆነ ብቻ፣ አጥርቶ በመናገር። ይህን ሳስብ መንገድ ላይ የማላውቀውን ሰው ሁሉ ሰላም ማለት ያምረኛል።

ባለፈው ክረምት አገር ቤት ሄጄ ነበር። እናቴ ጠዋት ስትጸልይ እንደ ድሮዋ ሰዉን ሁሉ በየስሙ ትጠራለች፤ እኔን፣ አባቴን፣ የሞቱትን ወላጆቿን፣ ሐኪሙን፣ አብራሪውን። መጨረሻ ላይ «ያን የመለሰልንንም» ትላለች። ጨርሳ ስትቀመጥ፣ «እማ፣ ስሙ ሳይጠራ ጸሎቱ ይደርሰዋል?» አልኳት።

ነጠላዋን እያጣፋች ቀና ብላ አየችኝ።

«ስሙን የማላውቀው እኔ ነኝ እንጂ፣ እግዜርማ ያውቀዋል።»